ዮርዳኖስን በሰፈሩ ወንዝ የሣለ ሠዓሊ

(ባለፈው እሑድ ለማኅበራችን አባላት ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ «ጽፈሽ ላኪልን» ስላላችሁኝ ጻፍኩት። በሰዓት እጥረት የዘለልኳቸውን አንዳንድ ነገሮች ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ፣ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ።

ጣሊያን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሮም ነው፣ ሚላኖ ነው። ወይም አድዋ ነው፣ ማይጨው ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማና ስለ ልጇ ስለ ሠዓሊው ፒየሮ ዴላ ፍራንቼስካ ነው። ከተማዋ ሳንሴፖልክሮ ትባላለች። ቶስካና ውስጥ ናት፤ ከአሬጾ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ታገኟታላችሁ። ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ እሷ ሜዳው ላይ ተቀምጣለች። ሮምን መሀል ለመሀል የሚያቋርጠው የቴቬሬ ወንዝ በዚያ በኩል ሲያልፍ ገና ትንሽ ነው። ነዋሪዎቿ 15 ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። የአገሩ ሰው ስሟን ሙሉውን አይጠራም፤ «ቦርጎ» ብሎ ነው የሚያቆላምጣት።

እዚያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባዳንቴ ነበርኩ፤ አንዲት አሮጊት ሲኞራ እንከባከብ ነበር። የባዳንቴን ሥራ እዚህ ላለነው ማስረዳት አያስፈልግም። ሲኞራዬ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። ከሰዓት በኋላ ክንዳቸውን ይዤ እንወጣለን። ትንሽ ሄድ እንልና ይቆማሉ። «አሁን የት ደረስን? ምን ይታይሻል?» ይሉኛል። የማየውን እነግራቸዋለሁ። የማላውቀውን ደግሞ እሳቸው ይነግሩኛል። የከተማዋን ታሪክ የተማርኩት እንደዚያ ነው፣ በእግር፣ ቀስ እያልኩ። ኋላ ራሴም ማንበብ ጀመርኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

በስሟ ልጀምር። ሳን ሴፖልክሮ ማለት ቅዱስ መቃብር ማለት ነው፤ የጌታ መቃብር። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። በ10ኛው መቶ ዘመን አርካኖና ኤጂዲዮ የሚባሉ ሁለት ተሳላሚዎች ኢየሩሳሌም ደርሰው ሲመለሱ፣ ከጌታ መቃብር ቅርስ ይዘው ነበር። እዚህ ሸለቆ ሲደርሱ ደክሟቸው አረፉ። ከዚህ አትለፉ የሚል ምልክት አዩ። ትንሽ የጸሎት ቤት ሠሩ። በኋላ ገዳም ሆነ፣ በገዳሙ ዙሪያ ሰው ሰፈረ፣ ሰፈሩ ከተማ ሆነ። በእኛም አገር ስንት ከተማ ነው በደብር ዙሪያ የተቆረቆረው!

ይህን ለሲኞራዬ ነግሬያቸው ነበር። የእኛ መነኮሳት ኢየሩሳሌም በዚያው በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ዴር ሱልጣን በሚባለው ገዳም፣ እስከ ዛሬ እንደሚኖሩ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝና «እናንተማ እዚያው ቀራችሁ፤ እኛ ድንጋዩን ይዘን መጣን» አሉኝ።

አንድ ዓመት ደግሞ አለ፣ ሁለታችንንም የሚያገናኝ። 1441። የዚያን ጊዜ ከተማዋ የሮማው ፖፕ የኤውጄንዮ 4ኛ ነበረች። ፖፑ ገንዘብ ቸገራቸውና ከነሰዎቿ ለፍሎረንስ በ25 ሺህ ፍሎሪን አሳልፈው ሰጧት። በዚያው ዓመት እኚሁ ፖፕ ፍሎረንስ ላይ ጉባኤ ተቀምጠው ሳሉ፣ የኢየሩሳሌሙ ገዳማችን አበምኔት አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ደረሱ። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መነኮሳቱ ሮማ በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ተቀርጸዋል። በሩ የተጠናቀቀው በ1445 ነው፣ ዛሬም እዚያው አለ። ሮም የምትኖሩ በዚያ ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ፒየሮ ዴላ ፍራንቼስካ። ሳንሴፖልክሮ ውስጥ የተወለደው በ1410ዎቹ ነው። አባቱ ቆዳ ነጋዴ ነበር፣ ጫማም ያሠራ ነበር፤ ጨርቅ ሰማያዊ የሚያቀልም ተክልም ይነግድ ነበር። እንግዲህ ልጁ ከቀለም ጋር ያደገ ነው ማለት ነው። በ1439 ፍሎረንስ ሄዶ ዶሜኒኮ ቬኔዚያኖ ከሚባል ሠዓሊ ጋር ሠራ። ከዚያ ተመለሰ። ፌራራ ሄደ፣ ሪሚኒ ሄደ፣ ሮም ሄደ፣ ኡርቢኖ ሄደ፤ መኳንንቱ ይጠሩት ነበር። ሥራውን ጨርሶ ግን ወደ ቦርጎ ይመለሳል። በ1442 የከተማዋ ምክር ቤት አባል ተደርጎ ተመርጧል። ሰውየው ከተማ ቀመስ ሆኖ ሰፈሩን የረሳ አይደለም።

ስለ እሱ የምወደው ነገር ይኸው ነው። የክርስቶስን ጥምቀት ሣለ። ዮርዳኖስን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ወንዝ ሣለ፤ በራሱ ሸለቆ ውስጥ የሚፈሰውን፣ ጠባቡን፣ ውኃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፈውን። ጌታ በዚያ ውስጥ ቆሟል። አጠገቡ ግንዱ የነጣ ዛፍ አለ፤ የዋልነት ዛፍ ነው የሚሉ አሉ፣ ምክንያቱም ሸለቆው ድሮ የሚጠራው በዋልነት ስም ነበር። ራቅ ብሎ ደግሞ የከተማዋ ግንቦች ይታያሉ። ከጌታ ጀርባ አንድ ሰው ሸሚዙን በጭንቅላቱ እያወለቀ ነው፣ ቀጥሎ ሊጠመቅ። ፊቱ አይታይም። ልብሱ ጭንቅላቱ ላይ ተጠቅልሏል፣ ጀርባው ጎበጥ ብሏል። በጥምቀት ሰሞን ጃንሜዳ ተራውን የሚጠብቅ ወጣት ስንት ጊዜ እንደዚያ አይታችኋል?

ሥዕሉ ግን ዛሬ ሳንሴፖልክሮ የለም። በ1861 የለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ገዛው፤ የከፈለው 241 ፓውንድ ነው። ሲኞራዬ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ተሸጦ እንጂ ተዘርፎ አልሄደም፤ ያም ሆኖ ያማል። የመቅደላን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ስሜት አዲስ አይደለም።

የቀሩት የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። የከተማዋ ሙዚየም ውስጥ የምሕረት እመቤት የሚሏት ትልቅ ሥዕል አለች። እኔ መጀመሪያ ሳያት ኪዳነ ምሕረት ነበር ያልኩት። እመቤታችን ካባዋን በሁለት እጇ ዘርግታለች፣ ከሥሯ ስምንት ሰዎች ተንበርክከዋል፣ አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። አንዱ ፊቱን በጥቁር ቆብ ሸፍኗል። ሥዕሉን ያሠሩት መኳንንት አይደሉም። እንደ እኛ ዕድር ያለ ማኅበር ነው፤ ድሃ የሚረዳ፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ሬሳ የሚቀብር። ፊቱን የሸፈነው ሰው የማኅበሩ አባል ነው።

ውሉ እስካሁን አለ። የተጻፈው በሰኔ 1445 ነው። ዋጋው 150 ፍሎሪን። ወርቁ ጥሩ ይሁን፣ ቀለሙ ጥሩ ይሁን፣ በተለይ ሰማያዊው ይላል። ያ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚወጣ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፣ በጣም ውድ ነበር። ከፒየሮ በቀር ሌላ ሠዓሊ ብሩሽ እንዳያነሳበትም ይላል። በአሥር ዓመት ውስጥ እንጨቱ ወይም ቀለሙ ቢበላሽ ደግሞ ሠዓሊው በራሱ ወጪ ያድሳል። በሦስት ዓመት ጨርስ ነበር የተባለው። ከ15 ዓመት በላይ ፈጀበት። ማኅበርተኞቹ ግን ታገሡት። ሥዕሏን ስታዩ ያንን ትዕግሥት ትረዱላቸዋላችሁ።

አሁን ትንሽ ከቦርጎ ልውጣና አሬጾ ልውሰዳችሁ። በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ላይ ፒየሮ የመስቀሉን ታሪክ ሙሉውን ሥሎታል። ከ1452 በኋላ ጀምሮ እስከ 1466 ድረስ ጨርሶታል። ሥራው ፍሬስኮ ነው። ግድግዳው በኖራ ይለሰናል፤ ልስኑ ሳይደርቅ ቀለሙ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቀለሙና ግድግዳው አንድ ይሆናሉ። በአንድ ቀን የሚያዳርሱትን ያህል ብቻ ነው የሚለስኑት። ንድፉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተሠርቶ መስመሩ በመርፌ ይበሳሳል። ከዚያ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የከሰል ዱቄት በያዘ ትንሽ ከረጢት ይመታል። ከሰሉ በቀዳዳዎቹ አልፎ ነጠብጣብ ይተዋል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ነጥቦቹ እስከ ዛሬ አንዳንድ ቦታ ይታያሉ።

እዚያ ስገባ የጠበቅኩት ሌላ ነበር። ቀና ስል ንግሥተ ሳባን አየሁ። ተንበርክካለች። የምዕራቦቹ ትረካ እንዲህ ነው። ኋላ መስቀል የሚሆነው እንጨት ከአዳም መቃብር ላይ የበቀለ ዛፍ ነው። በሰሎሞን ዘመን ተቆርጦ ድልድይ ሆነ። ንግሥቲቱ ሰሎሞንን ልትጎበኝ ስትመጣ እንጨቱን አወቀችው። በእግሬ አልረግጠውም ብላ ሰገደችለት። በእኛም አገር በቃል ከሚወርዱት ትረካዎች አንዱ፣ የንግሥቲቱ እግር የዳነው የሰሎሞንን ደጃፍ በረገጠች ጊዜ ነው ይላል። እግር፣ መረገጫ፣ ምልክት። ያው አንድ ሥር ያለው ነገር ይመስለኛል።

ፒየሮ የሣላት እንደ ፍሎረንስ እመቤት ነው። ቆዳዋ የነጣ፣ አንገቷ የረዘመ፣ ደንገጡሮቿ ጀርባዋ ቆመው። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ አልደብቃችሁም። «ይቺ የእኛ ናት እኮ» ነበር ያልኩት በልቤ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ የእኛም ሠዓሊዎች የጲላጦስን ጭፍሮች ጠመንጃ አስይዘው ሥለዋቸው አይተናል። ሰው ቅዱሱን ታሪክ የሚያየው በሰፈሩ መልክ ነው። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ንግሥት እሌኒ አለች፤ መስቀሉን ስታስቆፍር። ቦታው የሚታየው ከኢየሩሳሌም ውጪ ነው መባሉ ነው፣ ከኋላ ያለችው ከተማ ግን ራሷ አሬጾ ናት! መስቀሉ የተቀበረበትን የነገራት ሰው በእነሱ ትረካ መጀመሪያ ይሁዳ ይባላል። በደረቅ ጉድጓድ ሰባት ቀን ታስሮ ነው የተናገረው። ኋላ ተጠምቆ ኪርያኮስ ይባላል። እኛ ደመራ ስንደምር የምናነሳው አረጋዊው ኪራኮስ ነው እንግዲህ። እሱን ስረዳ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ወደ ቦርጎ ልመለስ፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እዚያ ነው። ትንሣኤው።

ሥዕሉ ያለው የከተማዋ ሹማምንት ይሰበሰቡበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከሩብ ገደማ ይሆናል። ሹማምንቱ ጉዳይ ከመያዛቸው በፊት በፊቱ ይጸልዩ እንደነበር ይነገራል። ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ከተማዋ የተጠራችው በመቃብሩ ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ ከዚያ መቃብር የወጣውን ነው የሚያሳየው።

አሁን የእንግሊዙን መኮንን ታሪክ ልንገራችሁ። ዘመኑ 1944 ነው። ጀርመኖች ሸለቆውን ይዘዋል። በሐምሌ መጨረሻ ላይ አደባባዩ መሀል የቆመውን የቤርታ ግንብ በሌሊት በፈንጂ አፈረሱት። ሲኞራዬ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጠዋት ወጥተው ግንቡ የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ብቻ ማየታቸውን ይነግሩኝ ነበር። «ሰማዩ በዛብን» ይሉ ነበር።

ከዚያ እንግሊዞች መጡ። ቶኒ ክላርክ የሚባል የመድፈኛ መኮንን ከኮረብታው ላይ ከተማዋን መደብደብ ጀመረ። ትንሽ እንደተኮሰ የከተማዋ ስም ጭንቅላቱ ውስጥ ያቃጭልበት ጀመር። የት ነው የሰማሁት? ትዝ አለው። አልደስ ሃክስሌ የሚባለው ደራሲ በ1920ዎቹ ቦርጎ መጥቶ ይህን ትንሣኤ አይቶ፣ የዓለም ምርጡ ሥዕል ይህ ነው ብሎ ጽፏል። ክላርክ ጽሑፉን አንብቧል እንጂ ሥዕሉን አይቶት አያውቅም። ተኩሱን አስቆመ። ትእዛዝ የተሰጠው ለመደብደብ ነው፤ እሱ አቆመ። ኋላ ሲጣራ ጀርመኖቹ ለካ ወጥተው ነበር። ከተማዋ ዳነች። ዛሬ በስሙ የተጠራ መንገድ አለ። ክላርክ ከጦርነቱ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ኬፕታውን ውስጥ መጻሕፍት ቤት ከፈተ። መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው መሆኑ አይገርመኝም።

ጦርነቱን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከቦርጎ ብዙ ሳይርቅ፣ አንጊያሪ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ሬኒቺ የሚባል ቦታ አለ። ፋሺስቶቹ በ1942 እና በ1943 ብዙ ስሎቬኖችንና ክሮአቶችን አምጥተው እዚያ አስረዋል። ከእነሱም ብዙ ሰው በረሃብና በብርድ ሞተ። ሳንሴፖልክሮ የመቃብር ስፍራ ውስጥ መታሰቢያቸው አለ። እኔ እዚያ ስቆም በ1937 ወደ ጣሊያን ተግዘው አዚናራ ደሴት የታሰሩትን የእኛን ሰዎች አስባለሁ። ያን ሁሉ ውበት የሠራ አገር ይህንንም ሠርቷል። ስለ አንዱ አውርቼ ሌላውን ብዘል ሲኞራዬም አይወዱልኝም ነበር፤ ሻማ ይዘን እንድንሄድ የሚጠይቁኝ እሳቸው ነበሩ።

ስለ ከተማዋ ሌላ ብዙ ነገር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። መካከላችሁ ሒሳብ ሠራተኞች አላችሁ። ዴቢትና ክሬዲት የምትሉትን አሠራር መጀመሪያ አትሞ ለዓለም ያስተማረው ሉካ ፓቾሊ የሚባለው መነኩሴ የቦርጎ ልጅ ነው። መጽሐፉ በ1494 ቬኒስ ላይ ታተመ። ፒየሮ ራሱም የሒሳብ ሰው ነበር፤ ስለ ጂኦሜትሪና ርቀትን በሥዕል ስለማሳየት ጽፏል። ቡይቶኒ የሚባለው ፓስታም የተጀመረው እዚህ ነው፣ በ1827። መስከረም ላይ ደግሞ፣ በሁለተኛው እሑድ፣ አደባባዩ ላይ የባሌስትራ ውድድር አለ። ባሌስትራ እንጨት ላይ የተገጠመ ከባድ ቀስት ነው። ከጉቢዮ ከተማ ሰዎች ጋር ነው የሚወዳደሩት፤ ኢላማው 36 ሜትር ርቆ ይቆማል። ከበሮው ሲመታ ሲኞራዬ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር።

ትንሣኤው ፊት መጀመሪያ ያቆሙኝን ቀን ልንገራችሁና ልጨርስ። ሥዕሉ ከ2015 እስከ 2018 ታድሷል፣ እኔ ስደርስ ቀለሙ ጸድቶ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ክርስቶስ ቆሟል፣ የግራ እግሩን የመቃብሩ ጠርዝ ላይ አድርጓል። ባንዲራ ይዟል፣ ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለው። ቀጥ ብሎ እኔን ያየኛል። ከበስተግራ ያሉት ዛፎች ደርቀዋል፣ ከቀኝ ያሉት ለምልመዋል። ከታች አራት ወታደሮች ተኝተዋል።

«ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የጣለው ይታይሻል? ቡናማ የለበሰው?»

«አዎ፣ ሲኞራ።»

«ፒየሮ እሱ ነው ይላሉ። ራሱን የሣለው ከተኙት ጋር ነው። አሁን እግራቸውን ቁጠሪልኝ።»

ቆጠርኩ። ጦር የያዘው ወታደር እግር የለውም። ደግሜ አየሁ። ከወገቡ በታች ቦታ የለም። ለስንት ጊዜ ሳየው ቆይቼ አላስተዋልኩም ነበር። ፒየሮ ቢጨምርለት ሥዕሉ ይጨናነቅበት ነበር፣ ተወው። እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምረው ያውቁታል። ዓይናቸው ጠፍቶም ያዩታል።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ነው ስለ ፒየሮ እርጅና የነገሩኝ። የሞተው ጥቅምት 12 ቀን 1492 ነው፤ ኮሎምቦስ አሜሪካ የደረሰበት ያው ቀን። የተቀበረው እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ዛሬ ካቴድራል በሆነችው በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ አንድ ማስታወሻ አለ። ማርኮ የሚባል ሽማግሌ፣ ልጅ ሳለሁ ዓይኑ የጠፋውን ፒየሮን እጁን ይዤ በቦርጎ እመራው ነበር ብሎ ተናግሯል።

ሲኞራዬ ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ቤታቸው ደጃፍ ደርሰን ነበር። ሦስት ደረጃ አለው። «ደረጃ ነው፣ ሲኞራ» አልኳቸው፣ እንደ ሁልጊዜው። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝና ወጣን።